ድልድይ በደረስን ቁጥር

ቦሄንግ ስልኩን መዝጋት ረስቷል። «መንገድ ላይ ነን፤ ማሽንሽን አዘጋጂ» ብሎ ከጨረሰ በኋላ ዩንሺ የአምቡላንሱን ጩኸት ከጆሮዋ ልታርቅ ስትል ድምፁን እንደገና ሰማችው። ቀስ ያለ፣ የለሰለሰ፣ ከእሷ በቀር ማንም ሰምቶት የማያውቅ ይመስላት የነበረ ድምፅ ነው።

«አይዞሽ» ይላል። «ትንሽ ነው የቀረን። አትፍሪ፣ እኔ ይዤሻለሁ። እስክንደርስ አለቅሽም።»

ዩንሺ ስልኩን ከጆሮዋ ጋር አጣብቃ ቆማ ቀረች። የሚመልስለት ሰው ድምፅ አልተሰማም። ሴትዮዋ ዝም ብላ ትከሻው ላይ ተደግፋ ይሆናል፣ እንዲህ ያለ ነገር የሚባልላት ሴት ምን መልስ ያስፈልጋታል። ከዚያ መስመሩ ተቋረጠ።

«ምን ሆንሽ? ፊትሽ አመድ መሰለ እኮ» አለቻት የሥራ ባልደረባዋ ሹዩ፣ ጓንቷን እያጠለቀች። ሹዩ በዕድሜ ትበልጣታለች፤ በላብራቶሪው ውስጥ ከሷ ጆሮ የሚያመልጥ ወሬ የለም።

«ምንም አልሆንኩም እትዬ ሹዩ። ልቡ እየመጣ ነው።»

«የትኛው ልብ? የታካሚው ወይስ የዶክተራችን?» ብላ ሹዩ በራሷ ቀልድ ከት ብላ ሳቀች። ዩንሺ ግን መሳቅ አቃታት።

የዩንሺ ሥራ የለጋሾችን ደም መመርመር ነው። የሰው አንጎል ሲሞት ሰውነቱ ውስጥ ማዕበል ይነሳል፤ ማዕበሉም ልብን ሳይቀር ይመታዋል። የተመታ ልብ ደግሞ ጉዳቱን ደብቆ አይቀመጥም፣ ፕሮቲኖቹን ወደ ደም ያፈስሳል። ዩንሺ እነዚያን ፕሮቲኖች ትለካና ያ ልብ በሌላ ሰው ደረት ውስጥ የመጀመሪያ ቀናቱን እንዴት እንዳሳለፈ ከሐኪሞቹ ተቀብላ ሁለቱን ታስተያያለች። ልቡ ከመነቀሉ በፊት የተቀዳ ደም ቀጥሎ የሚሆነውን አስቀድሞ ሊናገር ይችል እንደሆነ ማወቅ ትፈልጋለች። ጥናቱ ገና አላለቀም፤ እሷ ግን በፍቅር ነው የምትሠራው።

ልቡን ከሌላ ከተማ ሆስፒታል ሄዶ የሚያመጣው ወጣቱ ቀዶ ሐኪም ሺ ቦሄንግ ነው። ሌሎቹ ሐኪሞች የደሙን ብልቃጦች ከነበረዷቸው ለተላላኪ ሰጥተው ይሄዳሉ። ቦሄንግ ግን ልቡን ለቀዶ ክፍሉ ካስረከበ በኋላ አሳንሰር እንኳ ሳይጠብቅ ደረጃውን ሮጦ ይወጣና ብልቃጦቹን በዩንሺ እጅ ያኖራል። መጀመሪያ ላይ ዩንሺ ጥንቃቄው ነበር የመሰላት። ሹዩ ናት ዓይኗን የገለጠችላት፣ «እኔ ስቀበለው እኮ እንዲህ አይስቅም!» ብላ።

ፍቅሩን በአፉ ከመናገሩ በፊት የተናገረው በቺፕስ ነው። በዩንሺ መለኪያ ማሽን አናት ላይ፣ በታይናን ከተማ በየመሥሪያ ቤቱ ማሽን አናት ላይ እንዳለው ሁሉ፣ አረንጓዴ ከረጢት የበቆሎ ቺፕስ ይቀመጣል። ማሽኑ አደብ እንዲገዛ ነው። አረንጓዴ መሆን አለበት፣ ቀዩንና ቢጫውን ማሽን አይወደውም። ጊዜው ያለፈበት መሆን የለበትም። ከሁሉ በላይ ግን ማንም ሰው ሊበላው አይገባም። የቦሄንግ አያትም አባትም ሐኪሞች ነበሩ፤ ቤታቸው ውስጥ እንዲህ ያለ ነገር መሳቂያ ነው። እሱም መጀመሪያ ያየው ቀን «ይኼ ማሽን ቁርስ አልበላም እንዴ?» ብሎ ቀልዶባት ነበር። የከረጢቱ ጊዜ ሊያልፍ ሲል ግን አንድ ጠዋት ከደሙ ብልቃጦች ጋር አዲስ አረንጓዴ ከረጢት ይዞ ብቅ አለ። ጆሮው ቀልቷል። «መንገድ ላይ አገኘሁት» አለ። ዩንሺ ያን ቀን ማሽኗን ስትወለውል ዋለች።

ከዚያ ወዲያ ከሆስፒታሉ ጀርባ ያለችው የዓሣ ሾርባ ቤት መገናኛቸው ሆነች። አዳር ሠርቶ ሲወጣ እሷ ወደ ሥራ ስትገባ፣ አግዳሚው ላይ ጎን ለጎን ተቀምጠው ትኩስ ሾርባ ይጠጣሉ። አንድ ጠዋት ዩንሺ ለማንም ነግራ የማታውቀውን ነገረችው፣ አባቷ እዚህ ከተማ ሆስፒታል ውስጥ መሞቱን፣ ኦይስተር የሚባለውን ባለ ዛጎል የባሕር ምግብ እየፈለፈለች ያሳደገቻት እናቷ ሬሳውን ይዛ ዶንግሺ ወደሚባለው የባሕር ዳር መንደራቸው እንዴት እንደመለሰችው። ቦሄንግ አንድ ጊዜ እንኳ ሳያቋርጣት ሰማት። ሾርባው ፊት ለፊቱ ቀዝቅዞ ቀረ።

ይህን ሁሉ ባለፈው ሳምንት የቦሄንግ እናት ወደ ላብራቶሪው መጥተው አናጉት። ወይዘሮ ሺ ቀሚሳቸው ሳይጨማደድ፣ ድምፃቸው ሳይጨምር፣ ፈገግ እንዳሉ ነው የተናገሩት።

«ጎበዝ ነሽ ይሉኛል፤ ደስ ብሎኛል» አሏት። «ጃፓን ሰንዳይ ካለ ላብራቶሪ ሥራ እንደመጣልሽም ሰምቻለሁ። ለወጣት ሴት ትልቅ ዕድል ነው።»

«ገና መልስ አልሰጠሁም እናቴ።»

«ዓርብ ነው አይደል መልሱ? ልጄ ላይ ክፉ እንደማልመኝ ታውቂያለሽ፣ አንቺም ላይ እንዲሁ። ታይቹንግ ውስጥ ሆስፒታል ያላቸው ወዳጆች አሉን፤ ልጃቸውም ሐኪም ናት። ሁለቱ ከልጅነታቸው ይተዋወቃሉ። እሱ ለሰው አዛኝ ስለሆነ አይነግርሽም፤ ለዚህ ነው እኔ የመጣሁት።»

ዩንሺ «አዛኝ» የምትለዋን ቃል ቤቷ ይዛት ሄደች። ሌሊቱን ሙሉ ስትገላበጥባት አደረች። ለቦሄንግ ግን አልነገረችውም፤ ራሱ ይነግረኛል ብላ ጠበቀች። አሁን በስልክ ሰማችው፤ መልሱን ያገኘች መሰላት፣ ልቧም ስብር አለ።

*

ቦሄንግ ደረጃውን ሮጦ ሲወጣ ኮቴውን ከሩቅ አወቀችው። በሩን በክርኑ ገፋ አድርጎ ገባ። ፀጉሩ ግንባሩ ላይ ተለጥፏል፤ ዓይኑ ግን እንደ ሁልጊዜው እሷን ፈልጎ እስኪያገኝ ዕረፍት የለውም።

«ከቻንግኋ ሆስፒታል እስከዚህ አንዴም አልቆምንም» አለ እያለከለከ። «ልቡ ገብቷል። ይኸው ያንቺን ድርሻ ያዢ።»

ዩንሺ ብልቃጦቹን ዓይኑን ሳታይ ተቀበለች። «አመሰግናለሁ ዶክተር። እርስዎ ይሂዱ፤ ይደክምዎታል።»

የቦሄንግ ፈገግታ ፊቱ ላይ ደርቆ ቀረ። አንተ ማለት ከጀመረች ስንት ጊዜዋ፣ ያውም አንተ እንድትለው ስንት ለምኗት። ወደ ሹዩ ዞር አለ፤ ሹዩ ትከሻዋን ሰበቀች።

«ዩንሺ፣ ያጠፋሁት ነገር አለ?»

«ናሙናው እንዳይሞቅ ነው ዶክተር» ብላ ጀርባዋን ሰጠችው።

ሲወጣ በሩ እስኪዘጋ ድረስ ጠበቀች። እንዲመለስ ፈልጋ ነበር፤ እንዳይመለስም ትፈልግ ነበር። እጇ ግን አልተሳሳተም፤ ደሙን አጣርታ ቢጫውን ፈሳሽ በየብልቃጡ ከፋፍላ አቀዘቀዘችው። ዓይኗን እንባ የሞላው ማቀዝቀዣውን ከዘጋች በኋላ ነው።

ከሰዓት በኋላ ሹዩ ከምሳ ወሬ ይዛ ተመለሰች። «ሾፌሩን አገኘሁት። ምን አለኝ መሰለሽ? ዶክተሩ መንገዱን በሙሉ ሲያወራ ነበር አለ! ከኋላ ልቡ ካለበት የበረዶ ሳጥን ጋር ተቀምጦ፣ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ እንደ አዲስ ሙሽራ። ለማን ይሆን? ላንቺ ነው አይደል? በይ እመኚ!»

«ለኔ አይደለም» አለች ዩንሺ።

ሹዩ አፏን በእጇ ይዛ ቀስ ብላ ወጣች። ዩንሺ ከማሽኑ ጋር ብቻዋን ቀረች። አረንጓዴው ከረጢት እንደ ጌታ አናቱ ላይ ተኮፍሷል። ቦሄንግ ያመጣው ነው። ጥጉ ላይ በራሱ እጅ ትንሽ የሳቀ ፊት ሥሎበታል፤ የሐኪም እጅ ጽሕፈት ስለሆነ የታመመ ነው የሚመስለው። ያ ፊት አየት አደረጋት። ዩንሺ ከረጢቱን አነሳችው፣ ቀደደችው፣ ቆማ አንድ በአንድ በላችው። የኮኮናት ጣዕም አለው። እየበላች አለቀሰች፣ እያለቀሰች በላች። ጨርሳ ጣቷን ስትልስ ምን እንዳደረገች ገባት፤ ባዶውን ከረጢት አጣጥፋ ኪሷ ውስጥ ከተተችው። በሕይወቷ እንዲህ አፍራ አታውቅም።

*

በማግስቱ ጠዋት ከጽኑ ሕሙማን ክፍል የመጣው ዜና ደስ አይልም። ልቡን የተቀበሉት ጡረታ የወጡ የአውቶቡስ ሾፌር አጎት ታው ናቸው። ሳይታመሙ በፊት ጎረቤቱን ሁሉ በሳቅ የሚገድሉ ሰው ነበሩ። አዲሱ ልባቸው ይመታል፤ ግን ሰነፍ ነው፣ ደሙን ለመግፋት ማሽን እያገዘው ነው።

የክፍሉ ኃላፊ ፕሮፌሰር ቱ ራሳቸው ወደ ላብራቶሪው ወረዱ። «የዚህን ለጋሽ ደም ዛሬውኑ ለኩልኝ» አሉ። «ልቡ ለጋሿ ደረት ውስጥ እያለ ነው የተጎዳው ወይስ መንገድ ላይ? መጀመሪያውኑ ተመትቶ ከሆነ አሳርፈነው ያገግም እንደሆነ እንጠብቃለን። መንገድ ላይ ከሆነ ግን የሳጥኑን ቅዝቃዜ ያልተከታተለ ሰው አለ ማለት ነው፤ ከዚያ ሰው ጋር ሌላ ወሬ ይኖረናል።» የማንን ስም እንዳልጠሩ ሁሉም አወቀ።

ዩንሺ ብልቃጡን አውጥታ ማሽኑን ስታበራ ማሽኑ አንዴ ጮኸና ቀይ መብራት አብርቶ ዝም አለ። አጠፋችው፣ አበራችው። ዝም።

«አራት ዓመት ሙሉ አንድ ቀን እንኳ አስቸግሮ አያውቅም!» አለች ሹዩ። ከዚያ ዓይኗ ወደ ማሽኑ አናት ሄደ። «ቺፕሱስ? ዩንሺ፣ የማሽኑ ቺፕስ የት ሄደ?»

ወለሉን ትጠርግ የነበረችው የጽዳት ሠራተኛ መጥረጊያዋን ይዛ ቀረች። ፕሮፌሰሩ ራሳቸው ጢማቸውን እያሻሹ የማሽኑን ጀርባ አዩ። ዩንሺ እጇን ኪሷ ውስጥ ከተተችና የተጣጠፈውን ከረጢት አወጣች።

«በላሁት» አለች።

«የማሽኑን?!» ሹዩ ደረቷን መታች። «ምነው፣ ከታች ሱቅ የለም? ራበኝ ብትይኝ ሩዝ አልገዛልሽም? የማሽን ምግብ ይበላል?»

ፕሮፌሰሩ ራሳቸውን እየነቀነቁ ወጡ። ሹዩ ወደ ታች ሮጣ አዲስ አረንጓዴ ከረጢት ገዝታ መጣች፤ ዩንሺም ጠጋኙን ጠራች። ጠጋኙ ብልሽቱ የላላ ሽቦ ነው አለ፤ ሹዩ ግን እስከዛሬ አላመነችውም። ማሽኑ ከሰዓት በኋላ ተነሳ።

ቁጥሩ ሲወጣ ዩንሺ ብቻዋን ነበረች። ልብ ሲቆስል የሚፈሰው ፕሮቲን ከፍ ብሎ ታየ፣ ያውም ልቡ ገና ከለጋሿ ደረት ሳይነሳ በተቀዳው ደም ውስጥ። የሰውነት መቆጣትን የሚያሳየው ሌላው ምልክት ግን ዝቅ ያለ ነው። ከዚህ በፊት ያየቻቸው እንዲህ ያሉ ልቦች አብዛኞቹ መጀመሪያ ላይ ሰንፈው ኋላ ተነስተዋል። ደግማ ለካችው፤ ያው ነው። ቦሄንግ መንገድ ላይ ምንም አላጠፋም። ወረቀቱን ይዛ ስትቆም ልቧ በደስታ ዘለለ፤ ወዲያው ደግሞ በዚሁ ደስታዋ ተናደደች። ለሌላ ሴት አይዞሽ ለሚል ሰው እንዲህ ደስ ሊላት አይገባም ነበር።

ፕሮፌሰሩ ቢሮ ስትደርስ ቦሄንግ ቆሞ ነበር። በሩ ገርበብ ብሏል።

«ሾፌሩ መንገዱን በሙሉ ስታወራ ነበር ብሎኛል» ይላሉ ፕሮፌሰሩ። «ከማን ጋር? ሰው ሕይወቱን በእጅህ ሰጥቶህ ሳለ?»

ቦሄንግ አቀርቅሯል። «ሳጥኑን ለአፍታም አልለቀቅኩም ፕሮፌሰር።»

«ከማን ጋር ስታወራ ነበር ነው ያልኩህ።»

ዝም። ዩንሺ ያን ዝምታ ጠላችው። አንኳኩታ ገባችና ወረቀቱን ጠረጴዛው ላይ አኖረች። «ይቅርታ ፕሮፌሰር። ልቡ መንገድ ላይ አይደለም የተጎዳው። ከለጋሿ ደረት ከመውጣቱ በፊት ነው። ዶክተር ሺ የሚጠየቅበት ነገር የለም። ልቡም ዕረፍት ቢያገኝ የሚነሳ ይመስለኛል፤ ጥናታችን ገና ቢሆንም እስካሁን ያየነው እንደዚያ ነው።»

ፕሮፌሰሩ መነጽራቸውን አድርገው አነበቡ፤ ደግመው አነበቡ። ፊታቸው ቀስ እያለ ፈታ አለ። «ታዲያ እንጠብቃለን» አሉ። ለቦሄንግም፣ «ሂድ፣ ትንሽ ተኛ» አሉት፤ በእሳቸው ቋንቋ ይቅርታ ማለት ነው።

*

ደረጃው ላይ ደረሰባት። «ዩንሺ፣ ቁሚ እስቲ። አመሰግናለሁ ልልሽ ነው።»

«ሥራዬ ነው ዶክተር። ማሽኑ ያለውን ነው የተናገርኩት።»

«እርስዎ፣ ዶክተር፣ ሥራዬ! ምን በደልኩሽ? እናቴ እዚህ መጥታ እንደነበር ትናንት ማታ ነው የሰማሁት። ስለ ሰንዳይም ከሷ ነው የሰማሁት። ዓርብ ልትሄጂ እንደምትወስኚ ካንቺ አፍ አልሰማም? ደግሞ ሹዩ የነገረችኝን ማመን አቃተኝ። ቺፕሱን በላሽው? አንቺ? ያንን ማሽን ከሰው አስበልጠሽ የምታዪው? ምን አስበላሽ?»

«ራበኝ።»

«ውሸት።»

«ተናደድኩ!» ድምፅዋ በደረጃው ውስጥ አስተጋባ። ከላይ የምትወርድ ነርስ ሐሳቧን ቀይራ ተመለሰች። «ስልክህን አልዘጋህም። ሰማሁህ። አይዞሽ፣ አትፍሪ፣ እኔ ይዤሻለሁ፣ እስክንደርስ አለቅሽም! ማናት? የታይቹንጓ ሐኪም ናት? አዛኝ ስለሆንክ ነው የማትነግረኝ? አትዘንልኝ ቦሄንግ። ሁሉንም እችላለሁ፣ እሱን ብቻ አልችልም።»

አንተ ብላ መጥራቷን እሷ አላስተዋለችም፤ እሱ ግን አስተውሏል። ደረጃው ላይ ቁጭ አለ። ፊቱን በሁለት እጁ ሸፈነና ትከሻው ይነቀነቅ ጀመር።

«እየሳቅክ ነው?»

«አይደለም» አለ። እጁን ሲያነሳ ዓይኑ ውሃ ሞልቷል። «ከዚያ በፊት ያልኩትን አልሰማሽም?»

«ምን አልክ?»

«ድልድይ ልንሻገር ነው፤ ነው ያልኳት።»

ዩንሺ የደረጃውን ብረት ያዘች።

አባቷን ይዘው ወደ ዶንግሺ የተመለሱበት አምቡላንስ ፊቷ ላይ ድቅን አለ። እሷ የትምህርት ቤት ዩኒፎርሟን እንደለበሰች፣ እናቷ የኦይስተር መፈልፈያ ቦቲዋን ሳታወልቅ። ነፍሱ መንገድ ስታ ከተማ እንዳትቀር፣ ድልድይ በደረሱ ቁጥር እናቷ ጎንበስ ብላ ጆሮው ላይ «የዩንሺ አባት፣ ድልድይ ልንሻገር ነው። አይዞህ፣ ትንሽ ነው የቀረን። ተከተለን» ትለዋለች። ትንሿ ዩንሺ በየድልድዩ መልስ ጠበቀች። ከአባቷ መልስ አልመጣም። ለቦሄንግ በዚያ የሾርባ ጠዋት የነገረችው ይህንን ነበር።

«አንቺ ነሽ የነገርሽኝ» አለ ቦሄንግ። «ከዚያ ቀን በኋላ ሳጥኑን ታቅፌ ድልድይ በዝምታ መሻገር አልቻልኩም። የለጋሿን ስም አልነግርሽም፤ ሴት ናት፣ ልጆች ታስተምር ነበር። ቤተሰቦቿ አብረዋት አልተሳፈሩም። ከቻንግኋ እስከዚህ ስንት ወንዝ አለ? ከኔ ሌላ ማን ይነግራታል? በእያንዳንዱ ድልድይ ነገርኳት።»

«ለፕሮፌሰሩ ለምን አልነገርክም?»

«ሺ ቦሄንግ ለሳጥን ያወራል ተብዬ ሥነ አእምሮ ክፍል እንድላክ?»

ዩንሺ ሳቅም ልቅሶም በአንድ ጊዜ መጣባት። አጠገቡ ደረጃው ላይ ተቀመጠች። «እኔኮ በሙሉ በላሁት» አለች እየተንሰቀሰቀች። «አንድም አላስቀረሁም።»

«የሣልኩትን ፊትስ?»

«እሱን አስቀምጬዋለሁ።» ከኪሷ የተጣጠፈውን ከረጢት አወጣች። ቦሄንግ እጇን ከነከረጢቱ በሁለት እጁ ያዘው፤ እሷም አልነጠቀችውም። ለረጅም ጊዜ በዚያ ደረጃ ላይ የወጣም የወረደም ሰው አልነበረም፤ ወይም ሁሉም አይቷቸው በአሳንሰር ሄዷል።

*

የአጎት ታው ልብ ከቀናት በኋላ ተነሳ። ማሽኑ ሲነቀልላቸውና ዓይናቸውን ሲገልጡ ከበው የቆሙትን ሐኪሞች አንድ በአንድ አዩ። «ምን አስደነገጣችሁ?» አሉ በሰለለ ድምፅ። «አሮጌ አውቶቡስ ጠዋት ጠዋት እስኪሞቅ ጊዜ ይፈልጋል። ነዳጅ ላይ ቶሎ የሚረግጥ ሾፌር ነው ሞተር የሚያበላሸው።» ዩንሺ ለጥናቷ የሚያስፈልጋትን መዝግባ ወጣች፤ ኮሪደሩ ላይ ብቻዋን እየሳቀች ሄደች። ለሰንዳይም መልስ ሰጠች፤ የጀመርኩት ሥራ እዚህ ነው፣ እኔም እዚህ ነኝ አለች።

ቅዳሜ ዕለት ወይዘሮ ሺ እንደገና ላብራቶሪው በር ላይ ቆሙ። ዩንሺ ደንግጣ ተነሳች። ሴትዮዋ ካርቶን ይዘዋል። ጠረጴዛው ላይ አኖሩትና ራሳቸው ከፈቱት፤ በአረንጓዴ ከረጢት ተሞልቷል።

«ማሽን ቺፕስ ይፈልጋል ብዬ አይደለም» አሉ። «በኛ ቤት እንዲህ ያለ ነገር አናምንም።»

«አዎ እናቴ።»

«ልጄ ሁሉንም ነገረኝ። የአምቡላንሱንም፣ የድልድዩንም።» ወይዘሮ ሺ ከረጢቶቹን ማስተካከል ጀመሩ፤ እጃቸው ግን የሚያደርገው ጠፍቶታል። «ባለቤቴ ታይፔ ነው የሞተው። እዚህ ድረስ ስናመጣው የተማርን ሰዎች ነን ብለን ዝም ብለን ነው የተሻገርነው። ያን ሁሉ ድልድይ። አንድ ቃል ያለው ሰው አልነበረም። እስከዛሬ መንገድ የጠፋው ይመስለኛል።»

ዩንሺ ተጠግታ እጃቸውን ያዘችው። ወይዘሮ ሺ አልከለከሏትም፤ ቀና ብለው ለመጀመሪያ ጊዜ በደንብ አዩአት።

«ነገ ወደ እናትሽ ስትሄዱ ባዶ እጃችሁን እንዳትሄዱ» አሉ ጉሮሯቸውን ጠርገው። «ሻይ ገዝቻለሁ፤ መኪናው ውስጥ ነው። ደግሞ የኔን ልጅ ኦይስተር መፈልፈል አስተምሪው፤ ቢላ ይችላል ይላሉ።»

እሑድ ጠዋት ሰማዩ ጥርት ብሎ ነበር። ቦሄንግ እየነዳ፣ ሻይው ዩንሺ ጭን ላይ፣ ወደ ሰሜን ወጡ። የእናቷ ድምፅ በስልክ ውስጥ «ሐኪሙ ኦይስተር ይበላል? አጥንቱ የወጣ ይመስላል ስትይ ነበር!» እያለ ገና ጆሮዋ ውስጥ ነው። ከሩቅ የዘንግዌን ወንዝ ድልድይ ታየ። ቦሄንግ ፍጥነቱን ቀነሰ።

«ዩንሺ» አለ፣ ዓይኑን ከመንገዱ ሳያነሳ። «ድልድይ ልንሻገር ነው።»

«ተው አንተ ሟርተኛ!» ትከሻውን መታችው። «እኔ ሞቻለሁ እንዴ?»

«ቢሆንም። መንገድ እንዳትስቺብኝ ነው። አይዞሽ፣ ትንሽ ነው የቀረን። ተከተይኝ።»

ልትስቅ ከንፈሯን ከፈተች፤ ሳቁ ግን አልመጣም። የትምህርት ቤት ዩኒፎርሟን የለበሰችው ልጅ በየድልድዩ ጆሮዋን አቁማ ስትጠብቅ ታየቻት። መኪናው ድልድዩ ላይ ወጣ፤ ወንዙ ከሥራቸው ያበራል። ዩንሺ እጇን ማርሹ ላይ ባለው እጁ ላይ አሳረፈች።

«አለሁ» አለችው ጮክ ብላ። «እየተከተልኩህ ነው።»